የአሮጌዋ ሃይሉክስ የፍሬን ቧንቧ ቅያሬ፦ ደሴ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር

ጥቅምት 2017፣ መጀመሪያ። ምርመራ

መኪናዋ በፈረንጆች 1994 የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ነጠላ ጋቢና፣ 2.8 ሊትር ናፍታ፣ የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ የፍሬን ፔዳሉ ወለል ነካ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ስለወረድን የፊቱ ፍሬን ብቻውን አቆማት። እዚያው ያገኘሁት መካኒክ የኋላውን ቧንቧ አጥፎ፣ በመዶሻ ደቁሶ ሊዘጋው አሰበ፤ በፊቱ ፍሬን ደሴ ትገባለህ ነው ነገሩ። ባዶ መኪና ዳገት ሲወጣ ምናልባት ያስኬዳል። ጭኖ ለመውረድ ግን ራስን ለገደል መስጠት ነው፤ ይህ “ጊዜያዊ” የሚባል ጥገና ስንት መኪና ላይ ዓመት እንደሚከርም ደግሞ ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቃል። አስጎትቼ ወሰድኳት።

በክሪክ አንሥቼ፣ ሻንሲውን በወፍራም የእንጨት ጉማጅ አስደግፌ ሥሯ ገባሁ። ማስተር ሲሊንደሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው፣ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለፊት ጎማዎች፣ ሌላው ለኋላ፣ እያንዳንዱም የራሱ የቧንቧ ዙር አለው። የፊቱ ክፍል ዘይቱ ሙሉ ነው፣ የኋላው ባዶ። ይህ ብቻውን ፍለጋውን በግማሽ ቀነሰልኝ። የኋላ ታምቡሮቹን አወለቅኩ፤ ውስጣቸው ደረቅ ነው፣ ስለዚህ የፍሬን ሸራዎቹን የሚገፉት የጎማ ሲሊንደሮች አላፈሰሱም። በሻንሲው የውስጥ ጎን፣ ከጭነቱ ሣጥን ሥር፣ ጭቃ የጋገረበት አንድ ማቀፊያ አካባቢ ግን አፈሩ እርጥብ ነው። በጣት ሲፈተግ ያንሸራትታል፣ ናፍታ ናፍታ አይሸትም።

ማቀፊያውን በካቻቢቴ ስፈለቅቀው የቧንቧው ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከትሎት መጣ። ከዚያ ቦታ በስንዝር ርቀት ያለው ቧንቧ ቡናማ ቢሆንም ጠንካራ ነው፤ በቢላዋ ሲፋቅ ከሥሩ ንጹሕ ብረት ያበራል። በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ለካሁት። ደህናው ቦታ 4.75 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማቀፊያው ሥር 3.9። የቧንቧው ግድግዳ አዲስ ሳለ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ዙሪያውን 0.4 ያህሉ ተበልቷል ማለት ነው። የቀረውን የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ በስታዋለች። በኃይል ሲረገጥ በዚህ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 100 ባር ሊደርስ ይችላል፤ የጎማ አየር በዚህች መኪና ላይ ጥቂት ባር ብቻ ነው።

ዝገቱ ለምን ማቀፊያው ሥር ብቻ በረታ? የቀድሞው ባለቤት ከኮምቦልቻና ከባቲ እየጫነ ለወረዳ ገበያዎች ጨው ያከፋፍል ነበር። የአፍዴራ ጨው ነው፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከተኛው ሐይቅ ዳር በፀሐይ ተንኖ የሚቀረው። ጆንያ ያፈሳል። የፈሰሰው በሣጥኑ ወለል ስንጥቅ ወርዶ ሻንሲው ላይ ይቀመጣል። ጨው ደግሞ የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ውኃ ከአየር ስቦ ራሱን ያሟሟል፤ ዝናብ ባይኖርም የደሴ ሌሊት ጭጋግ ይበቃዋል። ጠዋት ግልጡ ቧንቧ በነፋስ ይደርቃል። ማቀፊያው ሥር ያለው ግን ጭቃውን እንደተጎናጸፈ ረጥቦ ይውላል። በዚያ ላይ ንዝረቱ ማቀፊያውን ከቧንቧው ጋር እያፋተገ መከላከያ ሽፋኑን አስቀድሞ ገፎታል። ብዙ ሰው የሚታየውን ቧንቧ በጨርቅ ጠርጎ “ደህና ነው” ይላል፤ መታየት ያለበት የማይታየው ነው።

የጎረቤት ጋራዥ ባለቤት የሆኑት ሐጂ መጥተው ጎንበስ አሉ። “ልጄ፣ የተበሳውን ቆርጠህ በመገጣጠሚያ ቀጥለው። አብሽር፣ ይሄዳል።”

“ሐጂ፣ ጎኑ ያለችዋንም ይዩልኝ” አልኳቸው።

በዚያው ማቀፊያ ውስጥ ሁለተኛ ቧንቧ ያልፋል። ይህ የኋላው ዙር አይደለም፤ ከፊቱ ዙር ተነሥቶ የኋላ አክስል አጠገብ ወዳለው የጭነት ቫልቭ ይሄዳል። ቫልቩ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናዋ ስትጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ለኋላ ጎማ የሚሄደው ግፊት ይጨምራል፤ ባዶ ስትሆን ኋላዋ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ይቀንሳል። የፊቱ ዙር ከሞተ ደግሞ ቫልቩ ያንን በሁለተኛው ቧንቧ ዐውቆ ለኋላው ሙሉ ግፊት ይለቃል። ብልህ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ዙሮች በአንድ የጭቃ ኪስ ውስጥ አሳልፏቸዋል። ሁለተኛውን ቧንቧ ስለካው 4.1 ሚሊ ሜትር ሆነ። እሱም ቢበሳ ኖሮ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ያቆመን የፊቱ ፍሬንም አይኖርም ነበር።

ሐጂ በባትሪ መብራት ካዩት በኋላ “እንግዲያው ሁለቱንም ነው” ብለው ወጡ።

ጥቅምት፣ አጋማሽ። መፍታት

ቁርጥራጭ መቀጠል አልፈለግሁም። አንድ ቦታ ተበስቶ ከሆነ ሌላው ማቀፊያም ያው ጨው፣ ያው ጭቃ ነው፤ የተበሳውን ብትቀጥል ግፊቱ ቀጣዩን ደካማ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ረጅም ቧንቧዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አክስሉ ላይ ያሉት ሁለት አጫጭሮች፣ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለው የጎማ ቱቦም ጭምር ይቀየራሉ።

የቧንቧዎቹ ዳዶ 10 ቁጥር ነው፣ ጥርሱ 10 በ1 ሚሊ ሜትር። በተራ ክፍት ቁልፍ ከተነካ ማዕዘኑ ወዲያው ይሟሽሻል፤ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ቁልፉም የሚይዘው ሁለት ጎኑን ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው አፉ የተሰነጠቀ ባለ ቀለበት ቁልፍ ነው፤ ቧንቧው በስንጥቁ ይገባል፣ ቀለበቱ ዳዶውን ዙሪያውን ያቅፋል። ፒያሳ ዙሪያ ባሉት መለዋወጫ ቤቶች ጠይቄ አጣሁ። የድሮ ባለ ቀለበት 10 ቁጥር ቁልፍ ሞርሳ ላይ አስሬ በሴጌቶ ሰነጠቅኩት። ላላ ላለ ዳዶ ይሠራል፤ ለጠበቀው ግን ቀለበቱ ይከፈታል።

ለግትሮቹ ሌላ ዘዴ አለ። ቧንቧው የሚጣል ስለሆነ ከዳዶው ሥር በሴጌቶ ቆርጦ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ በላዩ አድርጎ መፍታት ነው። እንዲህ ሲሆን ስድስቱም ጎን ይያዛል። ከመሞከሬ በፊት ዝገት ማላቀቂያ ነፍቼ አሳደርኳቸው፤ በማግስቱ ዳዶውን ከጎኑ በትንሽ መዶሻ ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት። ማስተር ሲሊንደሩ ላይ ያሉት በቀላሉ ተፈቱ፤ ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ባሰ።

አንድ ወዳጄ እሳት አምጥቶ ነበር። መልሼ ሰደድኩት። ፍሬን ዘይት ይቀጣጠላል፣ ቫልቩ ውስጥ ያለው ጎሚኒም ሙቀት አይችልም። የቀኙ የኋላ ጎማ ሲሊንደር ላይ ያለችው የአየር መውጫ ብሎን ግን በምንም አልተላቀቀችም፤ ተሰበረች። ሲሊንደሩ ራሱ ወደ መግዣው ዝርዝር ገባ።

የወጣውን አሮጌ ቧንቧ አልጣልኩትም። ሳይታጠፍ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቅዬዋለሁ፤ ለአዲሱ ልኩም መልኩም እሱ ነው።

ኅዳር። የቧንቧ ዓይነት

በከተማው በቀላሉ የሚገኘው የፍሪጅ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የመዳብ ቱቦ ነው። ርካሽ ነው፣ በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም፤ ብዙ አሮጌ መኪና ላይም ተገጥሞ አይቻለሁ። አልወሰድኩትም። ንጹሕ መዳብ በንዝረት እየደደረ ይሄዳል፤ የደደረ መዳብ ይሰነጠቃል፣ የሚሰነጠቀውም ዳዶው አንገት ላይ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማንም አይነቀንቀውም፤ የወሎ ኮረኮንች ግን ያው የምናውቀው ነው። የፍሪጅ ቱቦ አፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የተከፈተ ነው፤ የፍሬኑ ሁለት ጊዜ መታጠፍ አለበት።

ሁለተኛው አማራጭ አፉ ተሠርቶ፣ ዳዶው ገብቶ የሚሸጥ የብረት ቧንቧ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ደሴ ያገኘሁት አጫጭሩን ብቻ ነው። ለአክስሉ ረጅም ክንድ አንድ ገዛሁ።

ለሻንሲው የመረጥኩት መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበትን ነው፤ 90 በመቶ ገደማ መዳብ፣ 10 ገደማ ኒኬል፣ ትንሽ ብረትና ማንጋኒዝም አለበት። ጨው አይበላውም፤ የባሕር ውኃ የሚያመላልሱ የመርከብ ቧንቧዎችም ከዚሁ ዓይነት ቅይጥ ይሠራሉ። ከአዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ በሰው አስገዛሁት፤ ጥቅሉ 7.6 ሜትር ነው። ሲደርሰኝ ቀለሙን ከመዳብ ቁራጭ ጎን አድርጌ አየሁ፦ መዳቡ ቀይ ነው፣ ይህ ገረጣ ያለ፣ ወደ ብርማ የሚያደላ፣ ሲታጠፍም ጠንከር የሚል። ማግኔት ሁለቱንም አይስብም፤ ስለዚህ በማግኔት የሚፈተነው ቀለም የተቀባ ብረት እንዳይሸጥልህ ብቻ ነው።

ሂሳቡን ስሠራ ሁለቱ ረጃጅሞች 3.4 እና 3.5 ሜትር ፈጁ። ከጥቅሉ የተረፈው 70 ሳንቲ ሜትር የአክስሉን አጭር ክንድ ይችላል። ለማበላሸት ቦታ የለም፤ ስለዚህ አፍ ማውጣቱን መጀመሪያ በአሮጌው ቧንቧ ደህና ክፍል ላይ ተለማመድኩ።

ኅዳር፣ መጨረሻ። አፍ ማውጣት

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ቧንቧው ዳዶ ውስጥ ገብቶ ሲጠበቅ ዘይቱን የሚይዘው ክር ወይም ጎሚኒ አይደለም፤ የቧንቧው ጫፍ ወደ ውጭ ተከፍቶ፣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ባለ ሁለት ድርብ ከንፈር ሆኖ 45 ዲግሪ ባለው መቀመጫ ላይ ሲጨመቅ ነው። ከንፈሩ ዘመም ካለ ምንም ቢጠበቅ ያንጠባጥባል።

የገዛሁት መሣሪያ የቻይና ነው፤ ቧንቧውን የሚነክሱ ሁለት ብረቶች፣ ትናንሽ ቁልፎች የሚመስሉ ማነሻዎች፣ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ መጭመቂያ ብሎን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቧንቧው በማሽከርከሪያ መቁረጫ ይቆረጣል እንጂ በሴጌቶ አይቆረጥም፤ ሴጌቶ ጫፉን ያዘነብለዋል፣ ብናኝም ውስጡ ይተዋል። ጫፉ በሞረድ ይስተካከላል፣ የውስጡ ሹል ጠርዝ ይፋቃል፣ ቧንቧው በአየር ይነፋል። ከዚያ ዳዶው ይገባል፤ ከንፈሩ ከወጣ በኋላ ዳዶ ከዚያ ጎን አይገባም። ቧንቧው ከነካሹ ብረት በማነሻዋ ደረጃ ቁመት ልክ ብቅ እንዲል ተደርጎ ይታሰራል። ጫፉ በፍሬን ዘይት ይረጥባል። ማነሻዋ ስትጫን ጫፉ ያብጣል፤ ማነሻዋ ወጥታ ሾጣጣው ብቻ ሲጫን ያበጠው ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

አሮጌው ብረት ላይ ስሞክር ቧንቧው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፤ የነካሹ ብረት ጥርሶች ዘይት ጠጥተው ነበር። በቤንዚን ታጥበው፣ ብሎኖቹ ሞርሳ ላይ ተጨማሪ ከተጠበቁ በኋላ ያዘ። ሌላው ችግር መጭመቂያው ወደ አንድ ጎን ማድላቱ ነው፤ ከንፈሩ በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ሳሳ። መፍትሔው ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ሩብ ዙር እየጠመዘዙ፣ እያላሉ፣ ከላይ እያዩ። አዲሱ ቅይጥ ከብረቱ ይልቅ ገር ሆኖ አገኘሁት። እያንዳንዱን ከንፈር በአጉሊ መነጽር ተመለከትኩ፦ ጠርዙ ክብ፣ ቀዳዳው መሐል ላይ፣ ስንጥቅ የለም። አንዱ ላይ ፀጉር የሚያክል ጭረት አየሁና ቆርጬ ጣልኩት፤ ያ ቁራጭ ስድስት ሳንቲ ሜትር ወሰደብኝ።

ማስጠንቀቂያ ለሚከተለኝ፦ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ከንፈራቸው እንጉዳይ መሰል ነጠላ እብጠት ነው። ዳዶው ቢመሳሰልም መቀመጫው ይለያል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ታኅሣሥ። ዝርጋታ

ከዝርጋታው በፊት ሻንሲውን በብዙ ውኃ አጠብኩት። ጨው የሚሄደው በውኃ ነው፤ የሽቦ ብሩሽ ብቻውን ያዳርሰዋል እንጂ አያወጣውም። ከደረቀ በኋላ በመዶሻ እያንኳኳሁ አዳመጥኩ፤ አንድም ቦታ የደነቆረ ድምፅ አልሰጠም። ብሩሽ፣ አንቲራስት፣ ጥቁር ቀለም። ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይረጫል፤ አቧራ ይሰበስባል፣ የፍሬን ጎማ ቱቦንም ያሳብጣል፤ አልወደውም።

ቧንቧውን በአሮጌው መልክ አጠፍኩት። ጠበብ ላሉት መታጠፊያዎች አሮጌ ኩሽኔታ ሞርሳ ላይ አስሬ በዙሪያው ጠመዘዝኩ፤ በባዶ እጅ ከተሞከረ ይጨማደዳል። የፋብሪካውን ማቀፊያዎች ሙሉ በሙሉ ተውኩ። በምትካቸው በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ከላሜራ የተቆረጠ ማቀፊያ አደረግኩ፤ ውስጡ ከከመነዳሪ ጎማ የተቀደደ ማልበሻ አለው፣ ታችኛው ጎኑ ክፍት ነው። ውኃ ይግባ፤ ግን ይውጣ። ሁለቱ ቧንቧዎች አሁን ለየብቻ ማቀፊያ አላቸው፣ በመካከላቸው ሁለት ጣት ያስገባል። ከጭስ ማውጫው የሚርቁበትን መንገድ ጠበቅኩ።

ታኅሣሥ፣ መጨረሻ። አየር ማስወጣት

አዲስ የቀኝ ጎማ ሲሊንደር፣ አዲስ የጎማ ቱቦ። ዘይቱ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ ማስተር ሲሊንደሩ ክዳን ላይ የተጻፈው እሱ ነው። አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ጠርሙሱ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመውን አልተጠቀምኩም። ከፊቱ ዙርም አሮጌውን አወጣሁት፤ ቀለሙ ቡና ሆኖ ነበር።

ፔዳሉን የሚረግጠው የእህቴ ልጅ ነው። ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ አስቀመጥኩለት። ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ በዘመኑ ሁሉ የተመላለሰው በላይኛው ክፍል ነው፤ ወለል ድረስ ከተረገጠ ዝገትና ቆሻሻ ወዳለበት የታችኛው ክፍል ይገባና ይቀደዳል። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ ገብቷል፤ ሁለተኛ አልፈለግሁም። ቅደም ተከተሉ ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ፣ በመጨረሻም የጭነት ቫልቩ። ቫልቩ የራሱ አየር መውጫ አለው፤ ጭቃ ስለሚሸፍነው ብዙዎች ይዘሉታል።

“ጋሼ፣ ልልቀቅ?”

“ያዘው! እስክነግርህ እግርህን አታንሣ።”

አየሩ ሁሉ ከወጣ በኋላ ፔዳሉ ጠንካራ ቢሆንም ዝቅ ብሎ ነበር የሚይዘው። እዚህ ላይ ሦስት ነገር መለየት ያስፈልጋል። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ፔዳል አየር አለበት። ሲረገጥ ይዞ ቆይቶ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለው፣ ወይ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ አልቋል። ጠንካራ ሆኖ ዝቅ የሚል፣ ደጋግመው ሲረግጡት የሚነሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የታምቡሩ ሸራ ርቆ ነው። የእኔው ሦስተኛው ነበር። ሸራዎቹን በማስተካከያው ጥርስ ጠጋ ሳደርጋቸው፣ ጎማው ሲዞር በትንሹ ሲፈተግ እስኪሰማ፣ ፔዳሉ ወደ ቦታው ወጣ።

ጥር። ፍተሻና ሂሳብ

ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ በሙሉ ኃይል ተረግጦ ሲቆይ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በነጭ ወረቀት ጠረግኩ። ከማስተር ሲሊንደሩ ሁለተኛ ዳዶ ላይ ትንሽ እርጥበት አገኘሁ፤ አላልቼ መልሼ ሳጠብቀው ከንፈሩ ቦታውን ያዘ።

ፔዳሉ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ ይከብዳል። ይህ ብልሽት አይደለም። ፔዳሉን የሚያቀልለው ሰርቮ የሚያግዘው በከባቢ አየር ግፊት ነው፤ በዲናሞው ጀርባ ያለው ፓምፕ አየሩን ከአንድ ጎን ይመጥጣል፣ የውጭው አየር ከሌላው ይገፋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፣ እገዛውም እንዲሁ። ዝቅ ስትል ይሻላል።

ሐረጎን መጀመሪያ ባዶ፣ ከዚያ ሲሚንቶ ጭኜ ወረድኩ፤ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረግኩ። ታች ቆሜ እጄን ወደ አራቱም ጎማ አስጠጋሁ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሞቃሉ። ጭነት ይዛ በኃይል ስትረገጥ ኋላዋ ትንሽ የሰነፈች ይመስለኛል። አሮጌዎቹ ባሌስትራዎች ተቀይረው የመኪናዋ ጀርባ ስለተነሣ የጭነት ቫልቩ ዘንግ ልኩን ስቶ፣ የተጫነችውን ባዶ ናት እያለ ግፊቱን እየቀነሰ ይሆናል። የዘንጉን ማስተካከያ ዳዶ ገና አልነካሁም፤ መለኪያ ሳይኖር በግምት የሚነካ ነገር አይደለም።

ወጪው፦ ጥቅል ቧንቧ 6,800 ብር፣ አፍ ማውጫው መሣሪያ 3,900፣ ስምንት ዳዶ 960፣ የጎማ ሲሊንደር 2,300፣ የጎማ ቱቦ 1,400፣ የአክስሉ ብረት ቧንቧ 650፣ ፍሬን ዘይት 1,500፣ አንቲራስት፣ ቀለምና ብሩሽ 1,100፣ ማስጎተቻ 4,000። ድምሩ 22,610 ብር። መሣሪያውን ሐጂ አሁን እየተዋሱት ነው፤ ጨው የሚጭን ሚትሱቢሺ ኤል ሁለት መቶ መጥቶላቸዋል፣ ቧንቧውም ያው ማቀፊያው ሥር ነው የተበላው።

የፊት አክስሉ ቧንቧዎች አሁንም የፋብሪካዎቹ ናቸው። ሞተሩ በሚያፈሰው ዘይት ስለሚቀቡ ጨው ብዙም አልደረሰባቸውም፤ ማቀፊያቸውን አውልቄ ስለካቸው 4.6 ሆኑ። የካቲት ላይ እነሱንም እቀይራለሁ። ሁለት ዳዶ ተርፎኛል፤ ቧንቧው ግን ስላለቀ ሌላ ጥቅል አዝዣለሁ።